«አሁን አንተ ማኔጅመንት ነህ» ተብሎ ኦቨር ታይም ለቀረበት ወንድሜ

ጥያቄህ ረጅም ስለሆነ ለሌላው አንባቢ ላሳጥረው። ጎንደር ውስጥ ባለ አንድ ትልቅ ድርጅት መጋዘን ከገባህ ስድስት ዓመት ሞልቶሃል። ከስምንት ወር በፊት ሱፐርቫይዘር ተደረግህ። መነሻ ደመወዝህ 10,400 ብር እንዳለ ሆኖ 2,000 ብር የኃላፊነት አበል ተጨመረልህ። ኦቨር ታይም ግን ቆመ። ለምን ስትል «አሁን አንተ ማኔጅመንት ነህ፣ ማኔጅመንት ሰዓት አይቆጥርም» ተባልህ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ታመሻለህ፤ ጥምቀትን እንኳ መጋዘን ውስጥ ነው የዋልኸው። ዓመት ፈቃድ ከወጣህ ሦስት ዓመት ሆነህ። ቆጠራ ላይ ዕቃ ሲጎድል ካንተ ይቆረጣል። አለቃህ በሠራተኛ ፊት ያዋርድሃል። አሁን አዘዞ ያለ አንድ ድርጅት 14,000 ብር እከፍልሃለሁ ብሎሃል፤ 6,000ው በውል፣ 8,000ው በእጅ። «ልልቀቅ ወይስ ጥርሴን ነክሼ ልቀመጥ?» ነው ጥያቄህ።

መልሱን ላስቀድም። ቢያንስ በዚህ ወር አትልቀቅ። ዝም ብለህ ግን አትቀመጥ። ገንዘብህ እዚያው ግቢ ውስጥ አለ፣ በየወሩም አንድ አንድ ወሩ እየተቃጠለብህ ነው። ስድቡም ፈቃዱም ጉድለቱም ቀስ ብለው ይደረስባቸዋል። የማይጠብቀው ኦቨር ታይሙ ነው።

እኔ በአሠሪ በኩል ተቀምጬ ፔሮል ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ይቺን «ማኔጅመንት ነህ» የምትል ነገር ከየት እንደምትመጣ አውቃታለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ የሥራ መሪ የሆነን ሰው አይሸፍንም። የሥራ መሪ ከሆንህ የስምንት ሰዓቱም፣ የኦቨር ታይሙም ሕግ አንተን አይመለከትም። ትልልቅ ድርጅቶች ይህንን በር በደንብ ያውቁታል። ታታሪውን ሠራተኛ ይመርጡና ማዕረግ ይሰጡታል፣ ትንሽ አበል ይጨምሩለታል፣ ደብዳቤው ላይ «የሥራ መሪ» የምትል ቃል ጣል ያደርጋሉ፣ ከዚያ በኋላ ሰውየው እስከ ምሽት ሦስት ሰዓት ቢያመሽ ማንም አይጠይቅም። እሱም እድገት ነው ብሎ ቤተሰቡን ክትፎ ይጋብዛል።

ነገር ግን ሕጉ የሚያየው ማዕረጉን አይደለም፣ ሥልጣኑን ነው። የሥራ መሪ የሚባለው የድርጅቱን የአስተዳደር ፖሊሲ የሚያወጣና የሚያስፈጽም ሰው ነው። ወይም ደግሞ ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ወይም የመመደብ ሥልጣን በእጁ ያለ ሰው። የሕግ አገልግሎት ኃላፊም እዚህ ውስጥ አለ፤ እሱ አንተን አይመለከትህም።

እስኪ ራስህን ጠይቅ። ነገ ጠዋት አንድ ጫኝና አውራጅ መቅጠር ብትፈልግ በፊርማህ ይቀጠራል? አንዱ ልጅ ሰክሮ ቢመጣ አንተ አግደኸው ደብዳቤ ትሰጠዋለህ ወይስ ለአለቃህ ሪፖርት ጽፈህ እሱ ይወስናል? ከነገርኸኝ እንደተረዳሁት ያንተ ሥራ ስም መጥራት፣ ሺፍት መሙላት፣ የዕቃ ገቢና ወጪ መፈረም ነው። ሺፍቱን እንኳ የምትሞላው ከላይ የወረደልህን ይዘህ ነው። ይህ የሥራ መሪ አያደርግህም። ሱፐርቫይዘር የሚል ባጅ ያንጠለጠልህ ሠራተኛ ነህ፣ ኦቨር ታይምህም በሕግ ይከፈልሃል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ወረቀት ማየት አለብህ። የእድገት ደብዳቤህን እና ከሱ ጋር የመጣውን የሥራ ዝርዝር። «ያስቀጥራል፣ ያሰናብታል፣ የዲሲፕሊን እርምጃ ይወስዳል» የሚል ተጽፎበት ከሆነ ክርክሩ ይከብድብሃል። አይዘጋብህም፣ ይከብድብሃል። ያኔ በተግባር አንድም ቀን ያንን እንዳላደረግህ ማሳየት ይኖርብሃል። የመደብከው ሰው ካለ፣ የማን ፊርማ ነበር ያረፈበት? ለዚህ ነው የሥራ ዝርዝሩን ከሁሉም በፊት ኮፒ አድርገህ ቤትህ አስቀምጥ የምልህ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ የኔ ደስታ እዚህ ነው።

ወር ደመወዝህ 10,400 ነው። ለ26 የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን 400 ብር፣ ለ8 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 50 ብር። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚሠራ ኦቨር ታይም በአንድ ተኩል ይባዛል፤ ያንተ 75 ብር ማለት ነው። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ በአንድ ከሦስት አራተኛ፣ 87 ብር ከ50። የሳምንት ዕረፍትህ ቀን ላይ ከሆነ በሁለት፣ 100 ብር። የሕዝብ በዓል ቀን ላይ የሚሠራ ኦቨር ታይም በሁለት ተኩል፣ 125 ብር።

አንተ በቀን ሁለት ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን ታመሻለህ። በሳምንት 12 ሰዓት መሆኑ ነው። ልብ በል፣ ሕጉ የፈቀደው ጣሪያም ይኸው ነው፤ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ድርጅትህ ጣሪያው ላይ አስቀምጦ ነው በነፃ የሚያሠራህ። በወር በአራት ሳምንት ቢያዝ 48 ሰዓት፣ በ75 ሲባዛ 3,600 ብር። የተሰጠህ የኃላፊነት አበል 2,000።

ይህንን ከግብርና ከጡረታ በኋላ እንየው፣ ምክንያቱም ሰው ባንክ የሚገባለትን ነው የሚበላው። በ2017 የተሻሻለው የገቢ ግብር ከ10,000 በላይ እስከ 14,000 ያለውን በ30 በመቶ ይይዛል፣ 1,350 ይቀነስለታል። ከ14,000 በላይ 35 በመቶ፣ 2,050 ይቀነስለታል። ጡረታ በመነሻ ደመወዝ 7 በመቶ፣ ያንተ 728 ብር። ስለዚህ አሁን 12,400 ጠቅላላ ይዘህ 2,370 ግብርና 728 ጡረታ ተቆርጦ እጅህ ላይ የሚደርሰው 9,302 ብር ነው። ተራ ሠራተኛ ሆነህ ያንኑ ሰዓት እያመሸህ ቢከፈልህ ኖሮ ግን 14,000 ጠቅላላ፣ 2,850 ግብር፣ 728 ጡረታ፣ የተጣራ 10,422። እድገቱ በየወሩ 1,120 ብር ወስዶብሃል ማለት ነው። እንኳን ደስ ያለህ!

ሕጉ በሚለው መሠረት አበሉም ኦቨር ታይሙም ቢከፈልህ ደግሞ 16,000 ጠቅላላ ይሆናል። ተቆራርጦ የተጣራው 11,722። ይችን ቁጥር ያዛት፣ አዘዞ ስንደርስ ትፈለጋለች።

ስለ ጥምቀት። ጥር 11 የሕዝብ በዓል ነው። በዚያን ቀን መደበኛውን ስምንት ሰዓት የሠራ ሰው ለያንዳንዱ ሰዓት የደመወዙ እጥፍ ይታሰብለታል፤ ለምታመሻት ደግሞ በሁለት ተኩል። ከተራ እና የማግስቱ ግን፣ ጎንደር ሙሉ ለሙሉ መንገድ ላይ ቢሆንም፣ በሕግ የሕዝብ በዓል አይደሉም፤ እነሱን አትቁጠራቸው። ጎንደር ተወልዶ ታቦት ሲወርድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን የቆጠረ ሰው ከደመወዝ በላይ ካሣ ይገባው ነበር፣ ግን አዋጁ እሱን አላሰበበትም።

አሁን የሚቃጠለው ነገር። ደመወዝ፣ ኦቨር ታይምና ሌላ ክፍያ መጠየቅ የሚቻለው ክፍያው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው ማለፍ፣ ያግደዋል። አንተ ስምንት ወር ሆኖሃል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት 7,200 ብር ያጣሃቸው ይመስለኛል። የቀሩት ስድስት ወራት 21,600 ብር ናቸው። የሚቀጥለው ደመወዝ በወጣ ቁጥር አንድ 3,600 ከኋላ ይወድቃል። ለአለቃህ በቃል «ኧረ ኦቨር ታይሜስ?» ማለትህ ይርጋውን አያቆመውም። በሻይ ሰዓት ለሂውማን ሪሶርስ (የሰው ሀብት ክፍል) ልጅ ማማረርህም አያቆመውም።

የሚያቆመው የሥራ ክርክርን የመወሰን ሥልጣን ላለው አካል አቤት ስትል ነው። ወይም ድርጅቱ ራሱ መብትህን በጽሑፍ ሲያምንልህ። ብዙ ሰው ይህችን ሁለተኛዋን አያውቃትም። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጽፈው ደብዳቤ ፉከራ የሌለበት፣ አጭር ይሁን። እንዲህ ብትል ይበቃል፦ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በአለቃዬ ትዕዛዝ የሠራሁት ትርፍ ሰዓት በመዝገብ ተጣርቶ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝና ክፍያው እንዲፈጸምልኝ እጠይቃለሁ።» በሁለት ኮፒ አድርግ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገባ፣ ሌላው ላይ ቁጥርና ቀን አስመትተህ ማኅተም ይዘህ ውጣ። «ይህን ያህል ሰዓት አለህ፣ ግን በጀት የለም» ብለው ቢመልሱልህ ተናደህ እንዳትቀድደው። ያ ወረቀት ወርቅ ነው።

መልስ ካልሰጡህ አሥራ አምስት ቀን ጠብቅ እንጂ አምስት ወር አትጠብቅ። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ ለማኅበሩ ንገር። ከሌላችሁ፣ ማኅበር ለማቋቋም አሥር ሠራተኛ እንደሚበቃ ብትሰሙ ምናልባት ትገረሙ ይሆናል። ከዚያ ከተማ አስተዳደሩ ውስጥ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚያየው ክፍል አለ፤ ተቆጣጣሪ ልከው መዝገብ እንዲያዩ ጠይቅ። እሱም ካላለቀ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት። ችሎቱ ክሱ በቀረበ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ሕጉ ያዛል፣ ሠራተኛም ለዚህ የዳኝነት አይከፍልም። በተግባር ቀጠሮ ሊረዝም ይችላል፤ ፍርድ ቤት የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ከሁሉ ግን ስድስት ወሩን አትርሳ። ቢሮ ለቢሮ ስትዞር ጊዜው እንዳያልቅ፣ የሚቃረብህ ከሆነ ክሱን ፋይል አስከፍት፣ ድርድሩ ጎን ለጎን ይቀጥላል።

ማስረጃ ትለኛለህ። ኦቨር ታይም የሚባለው በአሠሪው ግልጽ ትዕዛዝ የተሠራው ነው። በራስህ ፍላጎት «ሥራ እንዳይከማች» ብለህ ያመሸኸውን አይቆጥሩልህም። ትዕዛዙንና ሰዓቱን መመዝገብ ደግሞ የአሠሪው ግዴታ ነው። ካልመዘገበ ጥፋቱ የሱ ነው፤ ግን ዳኛ ፊት ባዶ እጅህን አትቁም። አለቃህ ቴሌግራም ላይ «ዛሬ መኪናው እስኪራገፍ እንዳትወጡ» ብሎ የጻፈውን ከነቀኑ አንሳው። የበር ላይ አሻራ ካላችሁ የመውጫ ሰዓት እዚያ አለ። የዕቃ መረከቢያው ላይ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ተፈርሞ ከሆነ ያ ፊርማ ያንተ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ደብተር ያዝ፤ ቀን፣ የገባህበት ሰዓት፣ የወጣህበት ሰዓት፣ ያዘዘህ ሰው። የድርጅቱን ምስጢራዊ ሰነድ ግን ጭነህ አትውጣ። ጉዳዩን ወደ ዲሲፕሊን ይቀይሩብሃል፣ ያኔ ተከሳሹ አንተ ትሆናለህ።

«ከጠየቅሁ ያባርሩኛል» ብለሃል። ሠራተኛ በአሠሪው ላይ አቤቱታ በማቅረቡ ወይም በክርክር ላይ በመሳተፉ ሊሰናበት አይችልም፤ አዋጁ በግልጽ ነው የከለከለው። እንደምታውቀው ግን ማንም አሠሪ «ስለከሰሰን አባረርነው» ብሎ አይጽፍም። የሚጽፈው «አርፍዷል» ነው። ስለዚህ እነዚህን ወራት በሰዓቱ ግባ፣ በሰዓቱ ውጣ፣ ማስጠንቀቂያ የሚያስጽፍ ቀዳዳ አትስጥ። ካሰናበቱህና ወደ ሥራ መመለስ ከፈለግህ የክስ ጊዜው ሦስት ወር ብቻ ነው።

ወደ ጉድለቱ ልምጣ። ሰው ብዙም የማይከራከርበት፣ ግን በጣም የሚያስቆጣኝ ነገር ይኸኛው ነው። «ቆጠራ ላይ ጎደለ» ተብሎ ደመወዝ ላይ መቀስ ማሳረፍ አይቻልም። ከደመወዝ መቁረጥ የሚቻለው ሕግ ሲፈቅድ፣ የኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበርና አሠሪ የሚፈራረሙት) ወይም የሥራ ደንብ ሲኖር፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ፣ ወይም አንተ በጽሑፍ ስትስማማ ነው። በማናቸውም ቢሆን ከወር ደመወዝህ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ያንተ አንድ ሦስተኛ 3,466 ብር ገደማ ነው። አንተ «ባለፈው መስከረም 4,100 ተቆረጠብኝ» ብለሃል። መስማማትህን ማንም ቢያሳይ እንኳ ከጣሪያው በላይ ነው። የዚያ ወር የደመወዝ ስሊፕ ካለህ አውጣው፣ ከሌለህ የባንክ ስቴትመንት ይበቃል። እሱም የክፍያ ጥያቄ ስለሆነ ቀኑን ቁጠር።

ከመቆረጡ በፊት ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። ዕዳው ያንተ መሆኑን ማን አረጋገጠ? ሱፐርቫይዘር ስትሆን መጋዘኑን በቆጠራ ተረክበሃል? ከቀድሞው ሰው ጋር፣ ሦስተኛ ወገን ባለበት፣ በየዕቃው ቁጥር ተፈራርማችኋል? ወይስ ቁልፉን ሰጥተውህ «ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው» አሉህ? እንዲህ ያለ ርክክብ ስንት ጊዜ እንዳየሁ! ካንተ በፊት የጎደለው ዕቃ ባንተ ስም ይከፈላል። ርክክብ ካልተደረገ ዛሬውኑ ቆጠራ ይደረግልኝ ብለህ በጽሑፍ ጠይቅ። የመጋዘኑን ቁልፍ ሌላ ሰው ይይዛል? እሱንም ጻፈው። ሁለት ሰው ቁልፍ የያዘበት መጋዘን ላይ አንድ ሰው ብቻ ዕዳ ሲከፍል ማየት ያሳፍራል።

ዓመት ፈቃዱ ቀላል ነው፣ ቶሎ ልለፈው። የመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። አሠሪው ለሥራው ሲል ሊያራዝመው ይችላል፣ ግን ከሁለት ዓመት በላይ አይራዘምም። በሥራ ላይ እያለህ በገንዘብ መለወጥ ክልክል ነው፤ «ፈቃድህን እንግዛህ» ካሉህ አይሆንም። ሥራ ስትለቅ ግን ያልወሰድኸው ይከፈልሃል። ያንተ የሦስት ዓመቱ ከ50 ቀን ይበልጣል፣ በቀን 400 ብር ከ20,000 ብር በላይ ነው። ከሁለት ዓመት ያለፈውን «ጊዜው አልፎበታል» ብለው ሊከራከሩህ ስለሚችሉ አሁኑኑ የፈቃድ ፎርም ሙላ። ከከለከሉህ የተከለከልህበትን ወረቀት ያዝ። እንዲያውም እውነቱን ልንገርህ፣ ደክሞሃል፣ ከአጻጻፍህ ያስታውቃል። ሁለት ሳምንት ውጣና ተኛ። በድካም የተወሰነ የሥራ መልቀቂያ ብዙ ጊዜ ውድ ነው።

አለቃህን በሚመለከት። የሠራተኛን ሰብአዊ ክብር መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ ነው። ክብርን የሚነካ ድርጊት ሲፈጸምብህ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ የመልቀቅ መብት አለህ። ይህ መብት ግን ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ከቆመበት ጊዜ አንሥቶ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተጠቀምህበት ይቀራል። በስድብ ተናደህ በሩን በርግደህ ከወጣህና ምንም ሳትጽፍ ከቀረህ ግን፣ ነገሩ ተገልብጦ «ሥራ ጥሎ ጠፋ» ይሆናል። ስለዚህ ቀኑን፣ የተባለውን ቃል እንዳለ፣ አጠገብህ የነበሩትን ሰዎች ጻፍ። ቃሉን አታለሳልሰው። «አግባብ ያልሆነ ንግግር ተናገረኝ» ብለህ የጻፍኸው ለማንም ምንም አይነግረውም። የሱን የበላይ የምታገኝበት መንገድ ካለ ቅሬታህን አስገባ። እዚህ ላይ ብዙ ተስፋ አልሰጥህም። ሰው ስድቡን የሚያቆመው አንዳንዴ ሲከሰስ ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን ሲዛወር ነው።

በነገራችን ላይ ድርጅትህ «ቦነስ ከለከለን፣ የዓመት ጭማሪ አላደረገም» ያልኸውን ሕግ አይደርስበትም። ቦነስም ጭማሪም በኅብረት ስምምነት ወይም በደንብ ካልተጻፉ የአሠሪው ፈቃድ ናቸው። ለግሉ ዘርፍ በሥራ ላይ የዋለ አገር አቀፍ ዝቅተኛ ደመወዝም የለንም። የሕክምናውም ነገር፣ ሥራ ላይ ከደረሰ ጉዳት በቀር፣ እንደዚያው ነው፣ ድርጅቱ ደንብ ውስጥ ከጻፈው ብቻ ነው የምትጠይቀው። እናንተ ጋ ለቤተሰብ ጭምር መሸፈኑ ትንሽ ነገር አይደለም። ሁለት ልጅ ያለው ሰው ይህንን በብር ተርጉሞ ማየት አለበት፤ ባለፈው ዓመት ልጆችህን ስንት ጊዜ ክሊኒክ ወስደህ ስንት ብር ተሸፈነልህ?

አሁን አዘዞ።

14,000 ሲባል ጆሮ ይስባል። ክፍያው እንደተባለው ቢመጣ፣ ከውሉ 6,000 ላይ 700 ግብርና 420 ጡረታ ተቆርጦ 4,880 ይቀራል፣ 8,000 በእጅ ሲጨመር 12,880። ካሁኑ 9,302 ጋር ሲነጻጸር 3,578 ብር ይበልጣል። እውነት ነው፣ ትልቅ ገንዘብ ነው፣ አይናቅም። ለዚህ ነው ሰዎቹ እንዲህ አድርገው የሚያቀርቡት።

ግን 8,000ው የማን ነው? በውል የሌለ፣ በፔሮል የሌለ፣ ግብር ያልተከፈለበት ገንዘብ ነው። በሦስተኛው ወር «ገበያው ቀዝቅዟል፣ በዚህ ወር 4,000 ውሰድ» ቢሉህ የት ትከሳለህ? ምን ይዘህ? ዓመት ፈቃድህ፣ የሕመም ፈቃድህ፣ ኦቨር ታይምህ፣ ስትሰናበት የሚከፈልህ፣ ሁሉም በ6,000 ነው የሚሰላው። የሕመም ፈቃድን ብቻ ውሰድ። ሕጉ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩን ሁለት ወር ግማሽ ነው የሚለው። እግርህ ቢሰበር የሁለተኛው ወር ደመወዝህ 3,000 ብር ነው። ከ8,000ው የሚመጣ የለም።

ጡረታውም አለ። ካንተ 7፣ ከአሠሪው 11፣ በድምሩ 18 በመቶ ነው። አሁን በ10,400 በወር 1,872 ብር በስምህ ይገባል። እዚያ በ6,000 ሲሰላ 1,080። ጡረታህ የሚሰላው በተመዘገበው ደመወዝህ ስለሆነ፣ ስታረጅ የሚታየው ሰው 6,000 ብር ይበላ የነበረ ሰው ነው። ገና ወጣት ነኝ ትላለህ፣ እሺ። የባንክ ብድር ብትጠይቅስ? እሱም ያንኑ ወረቀት ነው የሚያየው።

ደግሞ አዲስ ቅጥር ነህ። 60 የሥራ ቀን ድረስ የሙከራ ጊዜ ሊያደርጉልህ ይችላሉ፤ በዚያ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ ያሰናብቱሃል፣ ስንብት ክፍያም የለም። ስድስት ዓመት የሠራኸውን ትተህ የምትገባው እዚህ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ሰዎቹን አንድ ጥያቄ ጠይቃቸው። «ሙሉው 14,000 በውል ይግባልኝ።» እነሱን የሚያስወጣቸው በ8,000ው ላይ 11 በመቶ ጡረታ፣ 880 ብር ነው። ያንተ የተጣራ ግን 2,850 ግብርና 980 ጡረታ ተቆርጦ 10,170 ይሆናል። ካሁኑ በ868 ብር ብቻ ይበልጣል፣ ያውም ያለ ሕክምና፣ ያለ ሰርቪስ፤ ከፒያሳ አዘዞ በየቀኑ በታክሲ ደርሶ መልስ ማለት ነው። የቅድሙን 11,722 አስታውስ። አሁን ያለህበት ቤት ሕጉ የሚያዘውን ቢከፍልህ ከአዘዞው ንጹህ ደመወዝ 1,552 ብር ይበልጣል። በውል ማስገባቱን እምቢ ካሉህ ደግሞ ገና ሳትቀጠር ማንነታቸውን ነግረውሃል።

ይህን ሁሉ አድርገህ፣ ደብዳቤ አስገብተህ፣ ሁለት ሦስት ወር አይተህ፣ ምንም ካልተቀየረ ልቀቅ። ያኔ አልከለክልህም። የምትለቅ ከሆነ ግን እንደ ባለሙያ ልቀቅ። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጥ፤ ካልሰጠህ እነሱ ካሣ ይጠይቁሃል። አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ፣ ድርጅቱ አስተምሮት «ይህን ያህል ዓመት አገለግላለሁ» ብሎ ያልፈረመ ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ቢለቅም የስንብት ክፍያ አለው። ያንተ ስሌት እንዲህ ነው፤ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ያህል፣ ለቀሩት አምስት ዓመታት ለያንዳንዱ የዚያ አንድ ሦስተኛ። በድምሩ ወደ 27,700 ብር። ብዙ ሰው «በራሴ ፈቃድ ስለለቀቅሁ የለኝም» ብሎ ትቶት ይሄዳል። ፋይናንሶች ደግሞ አያስታውሱህም፤ እኔም በነበርኩበት ቤት እንዲያስታውሱ ማንም አላዘዛቸውም።

የመጨረሻ ክፍያህ ውሉ ከተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። አለምክንያት ካዘገዩት ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝህ ድረስ ተጨማሪ ሊያስከፍላቸው ይችላል። ክሊራንስ ላይ፣ ማለትም ከዕዳ ነፃ መሆንህ ሲረጋገጥ፣ መጋዘን ስለያዝህ እዚያው ነው የሚያስቸግሩህ። ስለዚህ የማስጠንቀቂያውን 30 ቀን የመጨረሻ ቆጠራና ርክክብ ለማድረግ ተጠቀምበት፤ በመጨረሻዋ ሳምንት አይደለም፣ በመጀመሪያዋ። «ይህን ብትፈርም እንከፍልሃለን፣ ከዚህ በኋላ ምንም አልጠይቅም በል» የሚል ወረቀት ካቀረቡልህ ኦቨር ታይሙ ተካቶ እንደሆነ ሳታይ እንዳትፈርም።

የሥራ ልምድ ይከለክሉኛል ብለህ ፈርተሃል። ሊከለክሉህ አይችሉም። ስትጠይቅ በነፃ መስጠት ግዴታቸው ነው፤ የሠራኸው የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንህና ደመወዝህ ተጽፎበት። ስትወስደው የመጨረሻው መደብ ሱፐርቫይዘር ተብሎ መጻፉን አረጋግጥ፤ ኦቨር ታይም ሲከፈል ማኔጅመንት ነህ ያሉህ ሰዎች የሥራ ልምድ ሲጽፉ «የመጋዘን ሠራተኛ» ሊሉህ ይችላሉ።